ቋንቋ የሚችል ሰው ያለበት ቤት

ኖርዌይ፣ ሆልምሊያ ሳለሁ የምኖርበት ሕንፃ ቦሬትስላግ ነበር። ቦሬትስላግ የቤት ማኅበር ነው፤ ሰው ቤቱን ይገዛል፣ ጣሪያው፣ ደረጃውና የሣሩ ሜዳ ግን የሁሉም ነው። ስለዚህ አዲስ ገዢ ሲመጣ አምስት ሰው ያለበት አመራር፣ ስቲረ የሚሉት፣ ማመልከቻውን አይቶ ይቀበለዋል። ብዙውን ጊዜ ማመልከቻው ዞሮ ሳያልቅ ሁሉም «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ ይልና ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ጉዳይ ይታለፋል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ማብቂያ አካባቢ እኔ የዚያ ስቲረ ጸሐፊ ነበርኩ። ወድጄ አልገባሁም። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ተራዬ ቀደም ብሎ ስላለቀ እግረ መንገዴን ገባሁ። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ነገሩ ስላልገባኝ ቀና ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ ተመረጥኩ። ከደሴ መጥቼ የኖርዌጃውያንን ቃለ ጉባኤ መያዜን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ሰው አጡ እንዴ?» አለችኝ። አጥተው ነበር።

ሊቀ መንበራችን ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣች ሴት ነበረች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ደረጃ ላይ የወደቀ አንድ እግር የልጅ ካልሲ ካገኘች ባለቤቱን እስክታገኝ ድረስ በየበሩ የምታንኳኳ። ወደድኳት። ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ሕንፃ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ሲጠገን፣ ውሃ እንዲዘጋ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ኖሮ አንድ ጎረቤት ሳያነበው ይቀርና ከታች ያሉት ሦስት ቤቶች ይጥለቀለቃሉ። እሷም ወዲያው ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ አስጨመረች። አዲስ ገዢ የሚቀበሉት ከቤቱ አዋቂዎች ቢያንስ አንዱ ኖርዌጅኛ ማንበብና መናገር የሚችል ከሆነ ብቻ ነው ይላል። ክፋት አልነበረባትም። ውሃ ነው የፈራችው።

እኔም በዚያ አንቀጽ በኩል ነው የገባሁት። ቤቱን ስገዛ ሊቀ መንበሯ ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ስለ ደረጃ ጽዳት የሚናገር ማስታወቂያ ሰጠችኝና ጮክ ብዬ እንዳነብ ጠየቀችኝ። አነበብኩት፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። «እንዳንቺ የሚያነብ እዚህ ስንት አለ» አለችና እጄን ጨበጠችኝ። ደረጃውን ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። እውነቱን ለመናገር ያን አንቀጽ ወደድኩት። ሌላውን የሚያስቀር በር እኔን ማሳለፉ ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አላሳፈረኝም።

ያን ንባብ ያስተማሩኝ ግን አደይ ናቸው። ኖርዌይ እንደገባሁ መጀመሪያ የኖርኩት ሊንደበርግ ነው፤ ልጄን ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ፣ ላስገባ ስሄድ በር ላይ የተቀበሉኝ እዚያ የሚሠሩ አንዲት ኤርትራዊት እናት ነበሩ። እንደ ልጆቹ ሁሉ እኔም አደይ አልኳቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ልጄን ልወስድ ስደርስ ከቦርሳዋ የዕለቱን ወረቀት ያወጡና «በይ አንብቢ» ይሉኛል፣ በዚያ ጥርት ባለ የአስመራ አማርኛቸው። ነገ ጫካ እንሄዳለን፣ ቦት ጫማ ይምጣ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ በዝምታ አልፈዋለሁ። እሳቸው ግን አይሸወዱም።

«ዘለልሽ» ይላሉ። «ተመለሺ።»

እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላለስኩ። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔም የነጂነቱን ፈተና በኖርዌጅኛ አለፍኩ።

ባለቤታቸው አቦይ በወጣትነታቸው መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበሩ፤ በኋላም የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ዓረብኛና ጣሊያንኛ እንደ ውሃ ይናገራሉ። ኖርዌጅኛቸው ግን ከድስቱ ወዲያ አይሄድም፤ ጨው፣ ክዳን፣ ተቃጠለ፣ ተጠንቀቅ። የኮሙኑን፣ የማዘጋጃ ቤቱን፣ ደብዳቤ የሚያነቡት፣ ስልክ የሚያነሱት፣ ሐኪም ዘንድ የሚናገሩት አደይ ነበሩ። «እኔ ባሕሩን አሻገርኳት፣ ከወደቡ ወዲህ ደግሞ እሷ ትምራኝ» ይሉ ነበር አቦይ።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አደይን ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን አልተመለሰም። ትግርኛውም አማርኛውም ኖርዌጅኛውም አንድ ላይ ሄደ። መኖሪያቸው ደግሞ ሊንደበርግ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ነበር። ከሆስፒታል ሲመለሱ ሁለት ጎልማሶች በወንበር ተሸክመው ወደ ላይ አወጧቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ከሐኪም ቀጠሮ በቀር አልወረዱም። ልጠይቃቸው ስሄድ መስኮት ሥር ተቀምጠው በረዶው ላይ የሚንሸራተቱትን ልጆች ያያሉ። ዕድሜያቸውን በልጅ ጫጫታ ውስጥ ያሳለፉ ሰው በመስታወት ድምፅ የሌለው ጫጫታ ሲያዩ ማየት አልችልም ነበር። ቶሎ ቶሎ እነሳ ነበር፤ ይኸውም አንድ ጥፋቴ ነው።

የእኛ ሕንፃ ምድር ላይ ያለው ቤት ሊሸጥ ነው የሚል ወረቀት የማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ሳይ፣ ልብሴን እርጥብ እንደሆነ ትቼ ሮጥኩ። ቤቱ ደረጃ የለውም። የበረንዳው በር ከሣሩ ጋር እኩል ነው፤ የባርነሃገው አጥር ደግሞ ከሣሩ ማዶ ነው። አቦይ መጥተው አዩት። በሩን ከፈቱ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ ያህል እጃቸውን ዘርግተው ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ፣ እንደገና ወጡ። ልጆቻቸው አገዟቸው፣ ባንኩም እሺ አለ። የቀረው የስቲረው ማመልከቻ ብቻ ነበር።

ቅጹን እኔው ሞላሁላቸው፤ ጸሐፊ አይደለሁ። ሊንደበርግ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን መስመር በኖርዌጅኛ አነባለሁ፣ ለአቦይ በአማርኛ እነግራለሁ፣ እጽፋለሁ። አደይ ከጎኔ ነበሩ። የቋንቋው መስመር ላይ ስደርስ ለአቦይ «ጥቂት» ብዬ ጻፍኩ። ለአደይ «አትናገርም» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። አደይ በግራ እጃቸው ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ውሃ የጠማቸው መሰለኝ። ብርጭቆ ሞልቼ ከንፈራቸው ላይ ያዝኩላቸው። አልጠጡም፤ እንደገና መታ አደረጉ። አቦይ «ይደክማታል» አሉ፤ እኔም ወረቀቱን አጣጥፌ ተነሳሁ።

ሊቀ መንበሯ ቅጹን ስታይ መነጽሯን አወለቀች። «አንቀጹን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «ጥሩ ሰዎች እንደሆኑ አልጠራጠርም። ግን ከሁለቱ የሚያነብ የለም።» ተከራከርኳት፣ ግን እንዴት ያለ ክርክር? አንቀጹ ልክ ነው ብዬ፣ ለእነሱ ብቻ ይለፍ ነበር የምለው። ደንቡ ከየት መጣ፣ ከበላዩስ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ጭራሽ አልታየኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስይዝ የአገሪቱን የቤት ሕግ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

ለአቦይ ነገርኳቸው። «ሴትዮዋ የቤቱ ታላቅ ናት?» አሉኝ።

«ነች።»

«እንግዲያው ሰው እንልካለን።»

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ እስቃለሁ። እሁድ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ከባቡር ወረዱ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሰዋል። አንዱ ከአቦይ ጋር ሆስፒታል የሠሩ ኤርትራዊ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ሱቅ የነበራቸው ኤርትራዊ እስላም፣ ሦስተኛው ፕሪንስዳል የሚኖሩ የወሎ ሰው፣ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሳይቀጥሩ፣ ሳይደውሉ የሊቀ መንበሯን በር አንኳኩ። በሩን በትንሹ ከፍታ ሦስቱን ክራባቶች አየች። ሰባኪዎች መሰሏት። «ናይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ፣ የራሴ ሃይማኖት አለኝ» ብላ ዘጋችው። እኔ ከላይ በመስኮት አይቻቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ስወርድ ሦስቱም ኮታቸውን ቆልፈው በሩን በትዕግሥት እያዩት ነበር። የወሎው «ሽማግሌ መጀመሪያ መመለሱማ ያለ ነው» አሉኝ። «አብሽሪ፣ እንደገና አንኳኪ።»

ነገሩን አስረዳኋትና አስገባችን። ሳሎኗ ሶፋ ጫፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፤ ስለ ልጆቿ ጠየቁ፤ ስለ በረዶው ጠየቁ። እኔ እተረጉማለሁ። «እርስዎ የዚህ ቤት እናት ነዎት» ይላሉ የወሎው፤ ኖርዌጅኛው አንቱታ ስለሌለው «አንቺ» ብዬ አቀርበዋለሁ፤ በልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷ ግን እንግዳ ገባብኝ ብላ ወጥ ቤት ገብታ ዋፈል መጋገር ጀምራለች። ቡናማ አይብና እንጆሪ ማርማላታ አድርጋ አቀረበችላቸው። ሦስቱም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ሳህኑን አዩት እንጂ አልነኩትም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ምን አጠፋሁ? ጾም ላይ ናቸው?»

«ናይ» አልኳት። «የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም እህል አይቀምሱም። ደንባቸው ነው።»

ደንብ ስል ፊቷ ተለወጠ። ደንብ የምታከብር ሴት ነበረች። ከዋፈሉ ላይ እንፋሎቱ ሲጠፋ እያየች ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እሺ፣ ጉዳዩን ንገሩኝ» አለች።

ነገሯት። ኤርትራዊው ባለ ሱቅ የነበሩት የአደይን ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እኔም ስተረጉም የእኔው ተሰበረ። ሊቀ መንበሯ ናፕኪኗን አጠፈች፣ ዘረጋች። «ውሃ ቢዘጋ ማን ይነግራቸዋል?» አለች በመጨረሻ። የወሎው ሽማግሌ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ዋስ እንጠራለን። ይህች ልጅ ዋስ ትሁን። ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ወርዳ ታነብላቸዋለች። ባልየውም ቋንቋውን ሊማር ቃል ይገባል።» ዋስ የሚለውን ለመተርጎም ሦስት ዓረፍተ ነገር ፈጀብኝ። ሊቀ መንበሯ ግን ገባት፤ ወዲያው ወረቀት አመጣች። በኖርዌጅኛ ጻፈችው፣ እኔ በአማርኛ አነበብኩላቸው፣ ሦስቱም ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። አቦይ በነጋታው መጥተው ፈረሙ። ያን ቀን ሦስቱ የቀዘቀዘውን ዋፈል አንድ ሳያስቀሩ በሉት፤ የወሎው አይቡን ካራሜላ ነው ብለው ሁለት ቁራጭ በናፕኪን ይዘው ሄዱ።

ማክሰኞ ስቲረው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስለ ሽማግሌዎቹ በሚያስደንቅ አክብሮት ተናገረች። ሁለተኛ ፎቅ ያለው መሐንዲስ ወረቀቱን አነበበና ወደ መሃል ገፋው። «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው» አለ። «ለአንድ ሰው ካጠፍነው ነገ ለሌላው የምንለው ነገር አይኖረንም። ዋስ የሚል ነገር ደንባችን ውስጥ የለም።» ክፉ ሰው አይደለም፤ በረዶ የሚጠርገው ሁልጊዜ እሱ ነው። ሁለቱ ተከተሉት። ሊቀ መንበሯና እኔ ተሸነፍን። የክልከላውን ደብዳቤ መጻፍ የማን ሥራ ነው? የጸሐፊዋ።

ጻፍኩት። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ አንቀጹን ገለበጥኩና የማኅበሩን ወረቀት ለሚይዝልን ቢሮ ላክሁ። ደብዳቤው ሳይደርሳቸው እኔው ልንገራቸው ብዬ ወደ ሊንደበርግ ሄድኩ። አራት ፎቅ ስወጣ በየማረፊያው ቆምኩ። አቦይ ሰሙኝና «የቤቱ ባለቤቶች እነሱ ናቸው፣ ምን እንላለን» አሉ። አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው አናደደኝ። ቢጮሁብኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ እወድ ነበር። አደይ ከመስኮቱ ፊታቸውን መልሰው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። የወንበራቸውን እጀታ በጣታቸው መታ አደረጉ። ቻው ቻው ማለታቸው መስሎኝ ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ።

በማግስቱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶቡሴን አቁሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። የዚያ ቢሮ የሕግ ባለሙያ ነች፤ በድምፅዋ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ።

«ይህን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ? መላክ አይቻልም» አለችኝ።

«ስቲረው የወሰነው ነው። ደንባችን ላይ አለ።»

«ደንብ ማውጣት ትችላላችሁ። ግን ደንባችሁ ከአገሪቱ ሕግ በታች ነው። ሕጉ ሰው በቋንቋው ምክንያት ቤት እንዳይከለከል አዟል። የእናንተ አንቀጽ ከዚያ ጋር ሲጋጭ ወረቀት ላይ ቢኖርም የለም። ስቲረው በሙሉ ድምፅ ቢወስን፣ ጉባኤው በሙሉ ቢያጨበጭብለት፣ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሕጉ በግልጽ ይናገራል።»

ስለ ሽማግሌዎቹ ወረቀት ነገርኳት። መሰለኝ ፈገግ አለች። «እሱም አያስገድዳቸውም» አለች። «ሰው መብቱ የሆነውን ለማግኘት ቋንቋ እማራለሁ ብሎ ቢፈርም ማንም ሊጠይቀው አይችልም።»

ስልኩን ዘግቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ተሳፋሪዎች በሩን ያንኳኩ ነበር። ደስታ አልነበረም መጀመሪያ የመጣብኝ፤ ንዴት ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎችን ክራባት አሳስሬ፣ ዋፈል አስቀዝቅዤ፣ የራሳችን የሆነውን ነገር አስለምኛቸዋለሁ። ንዴቴ በሊቀ መንበሯ ላይ አልነበረም። እኔ ያን አንቀጽ ማለፌን እንደ ሜዳልያ አንጠልጥዬው ኖሬ፣ ከበላዩ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ቀና ብዬ አላየሁም።

ስቲረው እንደገና ተሰበሰበ። መሐንዲሱ የቢሮውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበ። «ሕጉ ይህ ከሆነ ይህ ነው» አለና በዚያው እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም አወጡ። እንዲህ በአጭሩ አለቀ። አንቀጹም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከደንባችን ወጣ፤ እንዲወጣ ሐሳብ ያቀረበችው እራሷ ሊቀ መንበሯ ነበረች። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥታ «ውሃውን ነበር የፈራሁት» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። አቀፍኳት፤ ኖርዌጃውያን ሲታቀፉ እንደሚሆኑት ደረቀች፣ ከዚያ ላላች።

አቦይና አደይ የገቡት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ሊቀ መንበሯ የሽማግሌዎቹን ወረቀት ይዛ መጣችና ሊቀደድ ይችላል፣ አያስገድድዎትም ብለሽ ንገሪያቸው አለችኝ። አቦይ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉ። አልቀደዱትም፤ ኪሳቸው ከተቱት።

«ቤቱን ሕጉ ሰጠኝ፣ እግዜር ይስጠው» አሉ። «ቃሉ ግን የእኔ ነው። ሦስት ሰው ፊት የሰጠሁትን ሕግ አያነሳልኝም።»

ተረጎምኩላት። ከዚያ ከሐሙስ ጀምሮ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ የፖስታ ቤቷ ሴትና የመርከቡ ወጥ ቤት ምድር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ ትጮኻለች፣ እሳቸው ይጮኻሉ፤ ድምፃቸው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይመጣል። መጽሐፍ አልነበራቸውም። የሚያነቡት በደረጃው ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውን ደግሞ የምጽፈው እኔ ነኝ።

በጸደይ የዱግናድ ቀን ደረሰ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ግቢውን የሚያጸዳበት ቀን ነው። መሐንዲሱ መሰቅሰቂያ ያከፋፍላል፣ ሊቀ መንበሯ ሶሴጅ ትጠብሳለች። አደይ በበረንዳው በር ወጥተው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ማዶ የባርነሃገው ልጆች ይጮኻሉ፤ አሁን ድምፅ አለው። የአደይ ፊት ወደዚያ ዞሯል። እንደዚያ ሳያቸው ቅጠል የምጠርግበትን ትቼ ቆምኩ፤ ዓይኔ ሞላ፤ የሶሴጁ ጭስ ነው አልኩ ለሚያየኝ።

አቦይ ከጎናቸው ተቀምጠው የዱግናዱን ማስታወቂያ ጮክ ብለው ያነባሉ። ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ረጅሙ ቃል ላይ ሲደርሱ እንደ ጉድጓድ ዘለው ያልፋሉ። አደይ ፊታቸውን ከልጆቹ ሳይመልሱ የወንበሩን እጀታ በጣታቸው መታ አደረጉ። አቦይ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ ረጅሙን ቃል እየቆራረጡ አነበቡት። ጣቱ ዝም አለ። ወደሚቀጥለው መስመር ሄዱ። አንድ መስመር ሙሉ ዘለሉ፤ ጣቱ እንደገና መታ መታ አደረገ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አልኩ።

«ሁልጊዜ» አሉ አቦይ። «ሴትዮዋ እንኳ አምልጧት የሚያልፈውን እሷ ታስመልሰኛለች። ጓለይ፣ ልጄ፣ አንድም አያመልጣትም።»

በሐሳቤ ሊንደበርግ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ቅጹ ተዘርግቷል፣ እኔ «አትናገርም» ብዬ ጽፌ በኖርዌጅኛ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው፣ ያቺ ጣት ጠረጴዛውን ትመታለች፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። ደንባችን የጠየቀው ከቤቱ ውስጥ አንድ ቋንቋ የሚችል ሰው ነበር። ያ ሰው ከጎኔ የተቀመጡት አደይ ነበሩ። የስቲረው ሰዎች አላወቁም፤ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ማንበብ ያስተማሩኝን ሰው ነው ቋንቋ የላቸውም ብዬ የጻፍኩት።

ወንበሩ ሥር ተንበረከክሁ። ሊገባቸው እንደሚችል ልቤ እንዲያምን መሰለኝ፣ በኖርዌጅኛ ነው የጀመርኩት።

«አደይ፣ ይቅርታ» አልኳቸው። «ያኔ ቅጹ ላይ ስህተት ነበር።»

ጣታቸው እጀታውን መታ መታ አደረገ።

ዘለልሽ፤ ተመለሺ።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሳልጠይቅዎት ጻፍኩት።»

ጣታቸው ዝም አለ። ከዚያ እጃቸው ከእጀታው ተነስቶ ጭንቅላቴ ላይ ዐረፈ፤ አደይም ፊታቸውን ወደ ልጆቹ መለሱ።